ስለቱ የማን ነው?

«የጋዜጠኝነት ተመራቂ ስለ ቶርኖ ቤት ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። ያገባኛል፤ ክርክሩ የብረት ብቻ አይደለማ!

የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የእንጨት ሳህን በቶርኖ መሥራት የሚጀምር ወጣት ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ካርባይድ ልግዛ ወይስ ሃይ ስፒድ ስቲል?

የካርባይድ ወገኖች መልሳቸው አጭር ነው። «መሳል የለ፣ ምን የለ፤ ዛሬ ገዝተህ ዛሬ ትሠራለህ።» እውነታቸውን ነው። የጀርመኑ ክሩፕ በ1920ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ካርባይድን ለገበያ ሲያወጣ «ዊዲያ» ያለው፣ «እንደ አልማዝ» ለማለት ነበር። ጫፏ ትንሽ ቁራጭ ናት። አንዱ ጎኗ ሲደነዝዝ ብሎኗን ፈታ አድርጎ ማዞር ነው። ሁሉም ጎን ሲያልቅስ? መጣልና ሌላ መግዛት።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ቁራጯ ከባሕር ማዶ የምትመጣ ናት። ከገበያ የጠፋች ቀን ቶርኖው ቆሞ ይውላል።

ሃይ ስፒድ ስቲል ደግሞ እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢግል ጥንካሬውን ስለማይለቅ፣ ግራይንደር ላይ ሲሳል እንደ ተራው ብረት ቶሎ አይበላሽም። በደንብ ከተሳለ እንጨቱን ይላጨዋል። ካርባይዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በመፋቅ ነው፤ የፋቀውን ገጽ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ይሻክራል። ያተረፋችሁትን የመሳያ ሰዓት ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል።

መሳል ቀላል ነው አልልም። ግራይንደር ይጠይቃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ብረት ያስበላል። ጉጥ ለበዛበት ደረቅ እንጨት፣ ለምሳሌ ለወይራ፣ ካርባይድ ባለውለታ ነው። ሁለተኛ መሣሪያ ሆኖ ይግባ፤ አልቃወምም።

የምቃወመው መጀመሪያና መጨረሻ ሲሆን ነው። ባለቤቱ ካርባይድ ብቻ ገዝቶ የሰጠው ተለማማጅ ዓመት ሙሉ የአልጋ እግር ሊያወጣ ይችላል። ሥራውን የለቀቀ ቀን ግን መሣሪያው እዚያው ይቀራል፤ ስለት ማውጣትን አልተማረም። ብረቱን ራሱ መሳል የለመደው ልጅ በየትኛውም ቶርኖ ቤት በር ላይ ቢቆም የሚደራደርበት ሙያ አለው።

ስለዚህ ጀማሪዎች ሆይ፣ በመጀመሪያው ገንዘባችሁ አንድ ጥሩ የሃይ ስፒድ ስቲል መሮ ግዙ። ቀሪውን ለመሳያው አውሉት። አሠሪዎችም ልጆቹን መሳል አስተምሯቸው፤ ደመወዝ ጨምሩ ቢሏችሁ ደግሞ አትደንግጡ!