ችግርና ኅሊና በምርጫ ጊዜ

ሰው በመንግሥት ጉዳይ ድምፁን በሚሰጥበት ጊዜ፣ ይህን መርጬ ያንን እንድተው ያደረገኝ ምንድን ነው ብሎ ራሱን የሚመረምር ጥቂት ነው። ሊቃውንት ግን በዚህ ነገር ብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖረዋል። ገሚሶቹ፣ የሰውን አሳብ የሚመራው ሆዱ ነው፤ እንጀራ ባጣ ጊዜ ወገኑንም እምነቱንም ይለውጣል ይላሉ። ገሚሶቹም፣ ሰው ምንም ቢራብ ከእናት ከአባቱ የወረሰውን እምነትና ጠባይ በቀላሉ አይጥልም ይላሉ። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» የሚለው የአበው ተረት የፊተኞቹን አሳብ የሚደግፍ ይመስላል። ይሁን እንጂ ተረቱ ስለ ቸገረው ሰው ተናገረ እንጂ፣ አንድ ዓይነት ችግር ከደረሰባቸው ከሁለት ጎረቤቶች አንዱ እንዲያ ሲያደርግ ሁለተኛው ስለ ምን እንዳላደረገ አልገለጸም። ዋናው ጥያቄ ግን ይኸው ነው።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ በክርክር ብቻ ከማስረዘም፣ በእርግጥ በተደረገ ነገር መመርመር ይሻላል። ለዚህም በኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. በጀርመንና በዴንማርክ የሆነው ነገር የታመነ ምስክር ነው። ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን በዚሁ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በ1929 መጨረሻ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በወደቀ ጊዜ፣ የአሜሪካ ባንኮች ለጀርመን ያበደሩትን ገንዘብ መልሰው ይሰበስቡ ጀመር። ጀርመን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወዲህ ኑሮዋን ያቆመችው ባብዛኛው በዚሁ ብድር ነበርና፣ ብድሩ ሲቋረጥ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ነጋዴው ከሰረ፤ በ1932 መጀመሪያ ላይ በመዝገብ የተጻፈው የሥራ አጥ ቍጥር ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከ1930 ጀምሮ ቻንስለር የነበረው ሃይንሪኽ ብሩኒንግ የመንግሥቱን ሒሳብ ለማስተካከል ሲል ደመወዝ ቀነሰ፤ ግብር ጨመረ፤ ለሥራ አጡ የሚከፈለውንም አበል አሳነሰ። የሒሳቡ ሚዛን በወረቀት ላይ ሲጠበቅ፣ በየቤቱ ያለው ሚዛን ፈረሰ።

የምርጫውም ውጤት ወዲያው ታየ። የሂትለር ፓርቲ በ1928 ምርጫ ከመቶ 3 እጅ እንኳ ያልሞላ ድምፅ አግኝቶ ነበር። በ1930 ከመቶ 18 እጅ፣ በ1932 በሐምሌ ወር ከመቶ 37 እጅ አገኘ። ይህን ብቻ የሚያይ ሰው፣ ረኃቡ ሕዝቡን ለሂትለር ሰጠው ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ግን ግማሽ እውነት እንጂ ሙሉ እውነት አይደለም።

በኋላ ዘመን የምርጫውን መዝገብ በየአውራጃው የመረመሩ ሊቃውንት እንዳስረዱት፣ ፈጽሞ ሥራ ያጣው የፋብሪካ ሠራተኛ በብዛት የሄደው ወደ ሂትለር ሳይሆን ወደ ኮሙኒስቶች ነው። የኮሙኒስቶቹም ድምፅ በ1928 ከመቶ 10 እጅ ገደማ የነበረው በ1932 በኅዳር ወር ከመቶ 17 እጅ ያህል ሆነ። ሂትለርን ያበረታው ይልቁንም ትንሽ እርሻ፣ ትንሽ ሱቅ፣ ትንሽ የእጅ ሥራ ቤት የነበረው ሰው ነው። ይህ ሰው ገና አልተራበም፤ ነገር ግን የጎረቤቱ እርሻ በዕዳ ምክንያት በሐራጅ ሲሸጥ እያየ፣ ነገ በእኔ ይደርሳል እያለ የሚፈራ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው፣ የሰውን አሳብ የሚገለብጠው ማጣት ብቻ አይደለም፤ ያለኝን አጣለሁ የሚል ፍርሃትም የዚያኑ ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ይበልጥ ይገለብጠዋል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በፕሮቴስታንቶች አገር በሽሌስቪሽ-ሆልሽታይን የሂትለር ፓርቲ በሐምሌ 1932 ከመቶ 51 እጅ ሲያገኝ፣ ካቶሊኮች በሚበዙበት በኮሎኝና በአኽን አውራጃ ያገኘው ከመቶ 20 እጅ ገደማ ነው። የኮሎኝ ሠራተኛ ከሽሌስቪሽ ገበሬ ያነሰ ተቸግሮ አይደለም። ጼንትሩም የሚባለው የካቶሊኮች ፓርቲ ግን በዚያ ሁሉ ማዕበል መካከል ከመቶ 11 ወይም 12 እጁን ሳያጎድል ይዞ ቆየ። የዚህም ምክንያቱ ከጥንት የመጣ ነው። ከ1870 በኋላ ቢስማርክ በካቶሊኮች ላይ በተነሣ ጊዜ፣ እነርሱ የራሳቸውን ማኅበር፣ የራሳቸውን ጋዜጣ፣ የራሳቸውን የሠራተኛና የወጣቶች ጉባኤ አቋቁመው ነበር። ስለዚህ የካቶሊኩ ሠራተኛ ሥራውን ቢያጣ ጎረቤቱን አላጣም፤ ኪሱ ቢራቆት ምክር የሚሰጠው ወዳጅ አልታጣም። ብቻውን የቀረ ሰው የመጀመሪያውን ጯኺ ይከተላል፤ ከወገን መካከል ያለ ሰው ግን አስቀድሞ ይጠይቃል።

ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ሃይማኖት ከሌላው ይበልጣል ብሎ የሚፈርድ ቢኖር ይሳሳታል። ለዚህ ማስረጃው ከሽሌስቪሽ ድንበር ማዶ ይገኛል።

የሽሌስቪሽ ጎረቤት ዴንማርክ ነው። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ገበሬ ሃይማኖቱ አንድ፣ የሉተር ነው። ላሙ አንድ ዓይነት ነው፤ ቅቤውና የአሳማ ሥጋው አንድ ዓይነት ነው። የሰሜን ሽሌስቪሽ ሕዝብ እንዲያውም በ1920 ድምፁን ሰጥቶ ወደ ዴንማርክ እስከ ተመለሰ ድረስ፣ ከ50 ዓመት በላይ በጀርመን ግዛት ሥር የኖረ ነው። የዓለም ገበያ በወደቀ ጊዜ የዴንማርክ ገበሬ እንደ ጎረቤቱ በዕዳ ተያዘ። ዋና ደንበኛው እንግሊዝም በ1932 በኦታዋ በተደረገው ውል ለግዛቶችዋ ዕቃ ቅድሚያ ስለ ሰጠች መሸጫው ጠበበ። በከተማም በሥራ አጥ መድን ከተመዘገቡት ሠራተኞች በ1932 ከሦስቱ አንዱ የሚያህለው ሥራ ፈትቶ ይውል ነበር። እንግዲህ ረኃብ ብቻውን የሚወስን ቢሆን ኖሮ፣ ኮፐንሃገን የበርሊንን መንገድ በተከተለች ነበር።

ነገር ግን አልተከተለችም። ጥር 22 ቀን 1925 ዓ.ም.፣ በኤውሮጳ አቆጣጠር ጃንዋሪ 30 ቀን 1933፣ ሁለቱ አገሮች መንገዳቸውን ለዩ። በዚያ ዕለት በበርሊን ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ሂትለርን ቻንስለር አድርጎ ሾመ። በዚያው ዕለት በኮፐንሃገን፣ በወጣትነታቸው የሲጋራ ሠራተኛ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ቶርቫልድ ስታውኒንግ በካንስለርጋደ መንገድ በሚገኘው መኖሪያቸው ከተቃዋሚው ከገበሬዎች ፓርቲ መሪዎች ጋር ብዙ ሰዓት ተከራክረው ስምምነት አደረጉ። ገበሬው ዕቃውን በውጭ አገር በደኅና ዋጋ እንዲሸጥ የክሮነር ገንዘብ ዋጋ ዝቅ ተደረገለት፤ የዕዳውና የግብሩም ሸክም ቀለለለት። ሠራተኛው ደግሞ አሠሪዎች ደመወዙን ለመቀነስ ሲዘጋጁ፣ የነበረው የሥራ ውል ለአንድ ዓመት በሕግ ተራዘመለት፤ መንግሥትም የሚሠራ ሥራ አዘጋጀለት። ከዚህም ጋር ለድኃው፣ ለሽማግሌውና ለበሽተኛው የሚደረገው ርዳታ እንደ ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ በሕግ የተወሰነ መብት እንዲሆን ተስማሙ። ሠራተኛው የዕቃ መወደድን ታገሠ፤ ገበሬው ለከተማ ድኃ የሚወጣውን ገንዘብ ፈቀደ። ሁለቱም ከፈለጉት ጥቂት ጎደለባቸው፤ ሁለቱም አገራቸውን አተረፉ።

በዴንማርክ ቍጣ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1935 ክረምት በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ለንጉሡ ለማቅረብ ወደ ኮፐንሃገን ወጥተዋል። ቢሆንም በ1939 ምርጫ የዴንማርክ ናዚዎች ያገኙት ድምፅ ከመቶ 2 እጅ አልሞላም።

ይህን ልዩነት ያመጣው ምንድን ነው? የስታውኒንግ ብልኃት ብቻ አይደለም። ነገሩ የተዘራው ረኃቡ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ነው። ግሩንትቪግ የሚባለው የሉተር ቄስ ባስተማረው ምክር መሠረት፣ በ1844 በሮዲንግ ለገበሬ ልጆች የሚሆን የሕዝብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሮዲንግም የምትገኘው በዚያው በሽሌስቪሽ ምድር ነው። በዚህና በኋላ ይህን አብነት አድርገው በተከፈቱት ትምህርት ቤቶች፣ ገበሬው የአገሩን ታሪክና በጉባኤ መካከል ተናግሮ መደማመጥን ተማረ። ከ1882 ጀምሮ ደግሞ ገበሬዎች እንደ ደቦና እንደ ዕቁብ ተባብረው የጋራ የወተት ፋብሪካ ያቋቁሙ ጀመር። በእነዚህ ማኅበሮች ስብሰባ ድምፅ የሚሰጠው በላም ቍጥር ሳይሆን በሰው ቍጥር ነበር፤ መቶ ላም ያለውም አንድ ላም ያለውም ድምፁ እኩል ነው። በየሳምንቱ ስለ ወተት ዋጋ ከጎረቤቱ ጋር ሲከራከርና ሲታረቅ የኖረ ሰው፣ በክፉ ቀን ስለ አገሩ ሲከራከር ጎረቤቱን ጠላት ነው ቢሉት አያምንም።

የጀርመን ካቶሊኮችም ማኅበር ነበራቸው፤ ታሪካቸው ግን በመልካም አልተፈጸመም፤ ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ማርች 23 ቀን 1933 ሂትለር ያለ ምክር ቤት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ይሰጠኝ ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ በካህኑ በሉድቪኽ ካስ የሚመራው ጼንትሩም፣ የቤተ ክርስቲያን መብት ይጠበቃል በሚል ተስፋ ተታልሎ ድምፁን ሰጠው። በ444 ድምፅ ፊት እንቢ ያሉት 94 የሶሲያል ዴሞክራት እንደራሴዎች ብቻ ናቸው፤ ኮሙኒስቶቹ አስቀድመው ታስረው ወይም ተሰደው ነበርና። ከአራት ወር በታች ባለ ጊዜ ውስጥ፣ ጁላይ 5 ቀን፣ ጼንትሩም ራሱ ፈረሰ። መራጮቹ በረኃብ ጊዜ ያልሸጡትን ብኩርና፣ መሪዎቹ በአንድ ቀን በተስፋ ቃል ለወጡት። የራስን በረት ብቻ የሚጠብቅ አጥር፣ የጎረቤት በረት ሲቃጠል እሳቱን አያቆመውም።

የጀርመንን ሕዝብ ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድል መሆን ነው። በኅዳር 1932 የሂትለር ድምፅ ከመቶ 37 እጅ ወደ 33 እጅ ወርዶ ነበር። ሕዝቡ ገና ሲያመነታና ከስካሩ መንቃት ሲጀምር፣ እኛ እንገዛዋለን ብለው የታበዩ ጥቂት ታላላቅ ሰዎች በሹመት ወደ ሥልጣን አገቡት። ድኃ በችግሩ ቢስት ይቅር የሚባልበት ምክንያት አለው፤ ጠግቦ የሚያድር አማካሪ ስቶ ሕዝብ ሲያስት ግን ምክንያት የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ችግር ሰውን ከቆመበት ያነቃንቀዋል፤ ወዴት እንደሚወድቅ ግን ችግሩ ብቻውን አይወስንም። የሚወስነው አስቀድሞ በልቡ የተተከለው እምነትና ግብረ ገብ፣ በዙሪያው ያለው ማኅበር፣ ከፊቱም የቆመው መሪ የሚናገረው ቃል ነው። ስለዚህ ሕዝብን የሚያስተዳድር ሁሉ ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው፣ የመንግሥትን ሒሳብ ሲያስተካክል የድኃውን ማዕድ እንዳያፈርስ መጠንቀቅ ነው፤ ረኃብተኛን ስለ ግብረ ገብ መስበክ ብቻ ለሰባኪውም ለተሰባኪውም አይበጅምና። ሁለተኛው፣ በጥጋብ ዘመን ትምህርት ቤትንና የመረዳጃ ማኅበርን ማስፋፋት፣ ሰው ከማይመስለው ሰው ጋር ተቀምጦ እንዲነጋገር ማስለመድ ነው። ይህ ሥራ ረኃብ ከገባ በኋላ ቢጀመር አይደርስም፤ ዘር የሚዘራው በመከር ጊዜ አይደለምና።

መራጩም በበኩሉ የራሱ ድርሻ አለበት። ኑሮው ሲከብደው መንግሥትን መጠየቅና መሪን መለወጥ መብቱ ነው። ነገር ግን ችግርህን ያመጣብህ ያ ጎረቤትህ ነው፣ እርሱን ካጠፋህልኝ እንጀራ እሰጥሃለሁ የሚል ሰው በመጣ ጊዜ፣ ኪሱን ብቻ ሳይሆን ኅሊናውንም ይጠይቅ። የሽሌስቪሽ ገበሬ ለዕዳው መፍትሔ ሲፈልግ ልጆቹን ለጦር ሜዳ የሚሰጥ ውል ፈረመ። የዴንማርክ ገበሬ ግን ለሠራተኛው ጥቂት ለቀቀ፤ እርሻውንም ነጻነቱንም ይዞ ቆየ። ኤፕሪል 9 ቀን 1940 የጀርመን ጦር አገሩን በወረረ ጊዜ እንኳ፣ ያ ነጻነት በባዕድ ኃይል ተቀማ እንጂ በገዛ ድምፁ አልተሸጠም። በኃይል የተቀማ ነገር ኃይሉ ሲያልፍ ይመለሳል፤ በ1945ም ተመልሷል። በፈቃድ የተሸጠውን ለማስመለስ ግን የሚከፈለው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ያ ጦርነት ለዓለም ሁሉ አስረድቷል።