የቆሽት መቈጣት ነቀርሳ መስሎ ስለ መታየቱ

በሆድ ውስጥ በሥዕል የታየ እብጠት ሁሉ ነቀርሳ ነው ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ይህን የምንለው በሽተኛን በባዶ ተስፋ ለማጽናናት አይደለም። ድንገተኛ የቆሽት መቈጣት የሚባለው ሕመም በሲቲ ስካን ላይ ነቀርሳን የሚመስል ምልክት ትቶ የሚያልፍበት ጊዜ ስላለ ነው።

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ ተጋድሞ የሚገኝ፣ ምግብ የሚልምበትን ኃይለኛ ፈሳሽ የሚያመነጭ ዕጢ ነው። በሐሞት ጠጠር ወይም በመጠጥ ብዛት ሲቈጣ ግን፣ ለምግብ የተመደበው ፈሳሽ የገዛ ሥጋውን መብላት ይጀምራል። ይህንንም ሐንስ ኪያሪ የተባለው ሐኪም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. አመልክቶ ነበር። ፈሳሹ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለውን ስብ ሲያገኝ ይሰባብረዋል፤ የተሰባበረውም ስብ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ እንደ ሳሙና ያለ ነጭ ነገር ይሆናል። (ሳሙና ከስብ መሠራቱን የሚያስተምሩ መምህራን በዚህ አይደነቁም።) እዚህም እዚያም የረጋው ይህ ጓል በሥዕል ሲታይ፣ በሆድ ዕቃ ሁሉ የተሠራጨ ነቀርሳን ይመስላል። ከ4 ሳምንት በኋላ ግድግዳ አበጅቶ የሚቀመጠው የውሃ ከረጢትም እንዲሁ ያሳስታል።

እንግዲህ ለመለየት የሚረዳው ምንድን ነው? አስቀድሞ የነበረው ሕመም ታሪክ፣ ከሳምንታት በኋላ የሚነሣ ሁለተኛ ሥዕል፣ ካስፈለገም በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። የቆሽት መቈጣት ያመጣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ነቀርሳ ግን ያለ ሕክምና እንዲህ አይቀንስም። ሆኖም ነቀርሳው ራሱ ቆሽትን አስቈጥቶ የሚገለጥበት ጊዜ ስላለ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋና የሐሞት ጠጠርም መጠጥም የሌለበት ሰው፣ ሕመሙ ተሻለኝ ብሎ ቀጠሮውን ቢተው ስሕተት ነው።

ከቤተ ሰቡ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው የሥዕሉን ወረቀት ተቀብሎ «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ቃል «ነው» ብሎ ሲተረጕም በበሽተኛው ቤት ለቅሶ ይገባል። በእኛ አስተያየት ይህ አንባቢ ፍርዱን ለሐኪሙ ትቶ ታሪኩን አሟልቶ ቢነግር ይሻላል፤ ሥዕሉን የሚመረምረው ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው «የሆድ ሕመም» የሚል አጭር ቃል ብቻ ነውና። ባለፈው ወር ወደ ጀርባ የሚወጋ ብርቱ ሕመምና ትውከት ነበረን? አረቄስ ይጠጣ ነበርን? ብዙዎች በእፍረት የሚደብቁት ይህ የመጨረሻው መልስ፣ ሐኪሙ ሥዕሉን የሚያነብበትን መንገድ ሊለውጠው ይችላል።