ጣቢያው ሰፋ፤ ፍሳሹስ?

በከተማ ፍሳሽ ጉዳይ የሰፈነ አንድ እምነት አለ፦ ማጣሪያ ጣቢያው ከሰፋ ወንዙ ይጸዳል። ዕቅዱ ከዚህ ይነሳል፣ ብድሩ በዚህ ይጠየቃል፣ የምርቃት ንግግሩም እዚሁ ላይ ያርፋል። ይህ እምነት የተሳሳተ ነው፤ ገንዘብም ጤናም እያስከፈለን ነው።

የቃሊቲን ማጣሪያ ጣቢያ እንውሰድ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ እየወረደች የምትሄድ ከተማ ስለሆነች ፍሳሽ በራሱ ቁልቁለት የሚደርሰው እዚያ ነው፤ ቦታው በትክክል ተመርጧል። የመጀመሪያዎቹ ኩሬዎች በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲቀበሉ የተሠሩ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው አዲሱ ጣቢያ አቅሙ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ የደከሙበትን መሐንዲሶች አከብራለሁ። ነገር ግን ይህ ቁጥር ጣቢያው መቀበል የሚችለውን እንጂ የሚደርሰውን አይናገርም። የሚደርሰውን የሚወስነው ከየግቢው የሚነሳው ቀጭን መስመር ነው።

ያንን መስመር መዘርጋት አድካሚ ነው። ጠባብ ቅያስ መቆፈር፣ አጥር ማስነሳት፣ ከባለቤቱ ጋር መስማማት፣ የቴሌንና የውሃን መስመር ሳይበጥሱ ማለፍ ይጠይቃል። ሪባን የሚቆርጥለት ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ሥራው ሁልጊዜ "በሚቀጥለው ምዕራፍ" ይባላል። እስከዚያው ከዋናው መስመር ብዙ ያልራቀ ግቢ እንኳ ጉድጓዱን በቦቴ ያስመጥጣል፤ አቅም ያጣው ዝናብ ጠብቆ ወደ ጎርፍ መውረጃው ይለቀዋል።

የተገናኘውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። የጣራ አሸንዳና የግቢ ውሃ ከፍሳሹ መስመር ጋር ይያያዛል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ማንሆሉን ማየት ነው፦ ክዳኑ ከሥር በሚገፋው ውሃ ይነሳል፣ ጥቁር ውሃ አስፋልቱ ላይ ይንጣለላል፣ ፌስታልና ዳይፐር አብረው ይወጣሉ፣ ልጆች በዚያው ላይ እየዘለሉ ያልፋሉ። ከዚህ የተረፈው አሸዋ ይዞና ቀጥኖ ጣቢያው ይደርሳል። እዚያ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ፍሳሹ ከታች ወደ ላይ በሚፈስበት ገንዳ፣ በዝቃጩ ውስጥ ይኖራሉ። ፍሰቱ በድንገት ሲበረታ ታጥበው ይወጣሉ፤ ብርድ ሲሆን ሥራቸው ይዳከማል። ዘዴው መብራት ቆጣቢ ነው፣ መመረጡንም አልነቅፍም። የምነቅፈው እንክብካቤውን ከግንባታው ለይቶ ማየትን ነው።

ዋናው ነጥቤ ግን ሌላ ነው። መካኒሳን አስቡ። ገበሬው በትንሿ አቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያለማል፤ እኛም ከገበያ ገዝተን እንበላለን። ያ ማሳ ከቃሊቲ በላይ ነው! ወንዙ ማሳውን የሚያጠጣው የጣቢያው አካባቢ ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ ጣቢያው አቅሙ ሁለት መቶ ሺህም ይሁን ሦስት መቶ ሺህ፣ ከላይ ያሉት ቤቶች ሽንት ቤታቸውን ወንዙ ላይ እስከለቀቁ ድረስ ለዚያ ሰላጣ የሚጠቅመው ነገር የለም። ከታች ደግሞ የጣቢያው ውሃ የሚደርስበት የአባ ሳሙኤል ግድብ አለ። እንዲህ ያለው ጣቢያ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን በአብዛኛው አያስቀርም፤ በግድቡ ውሃ ላይ እንቦጭ የሚፋፋው በእነሱ ነው።

"ጣቢያው ይቅደም፤ መስመሩ ይደርሳል" የሚሉ አሉ። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ማረፊያ ሳይኖር ፍሳሽ መሰብሰብ አይቻልማ። ሆኖም ኮንክሪትና ሞተር ተቀምጠው አይጠብቁም፤ ሥራ ሳይሠሩም ያረጃሉ። አበዳሪው ክፍያ የሚጠይቀው በተገናኘው ቤት ልክ አይደለም። ጨረታውም የሚያሸልመው በግንባታ ዋጋ ያነሰውን እንጂ ሃያ ዓመት ለማንቀሳቀስ የሚቀለውን አይደለም። በኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ከውጭ በሚመጣ ስስ ወንፊት የሚያጣሩ አነስተኛ ጣቢያዎችን መትከል ተለምዷል፤ ወንፊቱ ሲደፈን መተኪያው በዶላር ነው፤ ነዋሪው የሚከፍለው በብር።

ስለዚህ ቀጣዩ የማስፋፊያ ሰነድ በሜትር ኩብ አይጀምር። በየዓመቱ ስንት ቤት፣ በየትኛው ወንዝ ዳር እንደሚገናኝ ያስቀድም፤ ዝቃጩ የት እንደሚሄድ፣ የመብራቱ፣ የመለዋወጫውና የባለሙያው ደመወዝ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ይጻፍበት። ከጣቢያው የሚወጣው ውሃ የላቦራቶሪ ውጤት በየወሩ ለሕዝብ ይውጣ። የመጀመሪያዎቹ ቁፋሮዎችም ከመካኒሳ በላይ ይሁኑ።