ቅሬ «የማን ወገን ነው?» አይልም

በወሎ ጥሩንባ ሲነፋ ጥያቄው አንድ ነበር፤ «ማን ሞተ?»። ከዚያ ወንዱ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል። ሟቹ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረ ቢሆን እንኳ ጎረቤቱ ይመጣል፤ ባይመጣ ቅሬው ይቀጣዋል። ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ቀብር ይቆማል። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያደግን ሰዎች ይህን ከፊደል በፊት ነው የተማርነው።

ዛሬ ግን ከ«ማን ሞተ?» ቀጥሎ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ መጥቷል፤ «በየት በኩል ነበር?»

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ አንዱ ልጅ ሚሊሻ፣ አንዱ ፋኖ፣ አንዱ መከላከያ የሆነበት ዘመድ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። የገባሁበት አንድ ቤት የአንደኛው ልጅ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሌላው ሳጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ነው። እናቲቱን ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

እኛ አገር ግድግዳ ላይ የሟች ሥዕል የመሣል ልማድ ብዙም የለንም። የኛ ግድግዳ ስልካችን ነው። ጠመንጃ የያዘ ወጣት ፎቶ፣ ሻማ፣ ከሥሩ «ጀግናው» የሚል ጽሑፍ። አስተያየቱን ዝቅ ብላችሁ አንብቡት፤ ግማሹ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ግማሹ «ለዚህ ነፍስ ይማር አይባልም» ይላል። የአንዱ ሰማዕት ለሌላው «ባንዳ» ነው ወይም «ጽንፈኛ» ነው። ሰላም ሲወርድ ደግሞ ይህ ከስልክ ወደ ድንጋይ ይሸጋገራል። «ለልጆቻችን ሐውልት እናቆማለን» የሚለውን ንግግር ከወዲሁ እሰማዋለሁ።

እኔ እላለሁ፦ ከሐውልት በፊት የስም መዝገብ ይቅደም።

ምክንያቴ የራሳችን ታሪክ ነው። በባሕር ዳር ዓባይ ዳር እና በመቀሌ የቆሙት የሰማዕታት ሐውልቶች ደርግን ሲታገሉ የወደቁትን ያስባሉ። መታሰባቸው የሚገባ ነው። ነገር ግን በብሔራዊ ውትድርና ከእርሻና ከገበያ ታፍሶ ሰሜን ተራራ ላይ የቀረው የወሎ ገበሬ ልጅ እዚያ ቦታ የለውም። እሱም እናት ነበረችው። ሐውልት የሚያቆመው ያሸነፈው ነው፤ የተሸነፈው ቤት ሐዘን በየጓዳው ይቀራል፣ ጓዳ የቀረ ሐዘን ደግሞ ለልጅ ልጅ ይወረሳል።

መዝገብ ሌላ ሥራ ይሠራል። ስም ከሌለ መርዶ የለም፤ መርዶ ከሌለ ተዝካር፣ ሰደቃም ሆነ ዱዓ የለም። በትግራይ ከፕሪቶሪያው ስምምነት አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በጥቅምት 2016፣ ለቤተሰቦች መርዶ ተነግሮ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። በዚያው ጦርነት ከኛ በኩል የዘመቱ ልጆች እናቶች ውስጥ ግን እስከዛሬ ቁርጡን ሳይሰሙ በር በሩን የሚያዩ አሉ።

የሩቅ አገር ምሳሌ ልጨምር። በሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ ቤልፋስት፣ የፎልስ መንገድ ግድግዳዎች የአንዱን ወገን ሟቾች፣ የሻንኪል መንገድ ግድግዳዎች የሌላውን ወገን ሟቾች ተሥለውባቸዋል። ስምምነቱ በ1998 እ.ኤ.አ. ተፈርሟል፤ ግድግዳዎቹ ግን ዛሬም የየወገናቸውን ይተርካሉ። በዓመቱ፣ በ1999፣ ጋዜጠኞች ያሉበት ቡድን አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ከ3,600 በላይ ሟቾችን በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ፖሊሱ፣ ታጣቂውና መንገድ ላይ የተገደለው ሕፃን በተርታ ተጽፈዋል። መጽሐፉ ማንንም ጀግና አይልም፤ ማን እንደሞተ፣ እንዴት እንደሞተ ይናገራል።

«ገዳይና ተገዳይን በአንድ ገጽ ታሰፍራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መዝገብ ግን ፍርድ አይደለም። በቤቱ ደጃፍ የተገደለው ሽማግሌ «በደጃፉ፣ ያለ መሣሪያ» ተብሎ ይጻፍ፤ በውጊያ የሞተው «በውጊያ» ተብሎ ይጻፍ። እውነቱ አይድበስበስ። የሚጠየቅ ሰው በፍርድ ቤት ይጠየቅ፤ በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር እንጠይቅ። እኔ እንዳይጻፍ የምለው ቅጽሉን ብቻ ነው። ጀግና፣ ባንዳ፣ ከሃዲ፣ ጽንፈኛ የሚሉት ይቅሩ። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ ቀን፣ አሟሟት ይበቃል።

አደጋውንም አልሸሽገውም። ተኩሱ ሳይቆም እንዲህ ያለ ዝርዝር በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ቢወጣ ቤት ያስፈርሳል። ስለዚህ በአደባባይም በዚህ ቻናልም የሚለጠፍ አይደለም። ለካድሬም ለታጣቂም የሚሰጥ አይደለም። ቅሬው፣ ሰበካ ጉባኤውና መስጊዱ ያመኑት ሰው በእጁ ይጻፈው፣ ይቆለፍበት፣ ቀኑን ይጠብቅ። ካልተጻፈ ግን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ተራ በተራ ያልፋሉ፣ ከዚያ የሚቀረው የአሸናፊው ወሬ ብቻ ነው።

ያኔ፣ ቀኑ ሲደርስ፣ የከተማችን ሰው ሐውልት ይሁን ካለ ይሁን። ድንጋዩ ላይ ግን ሳጥን ውስጥ ያለው ልጅና ግድግዳ ላይ ያለው ልጅ አብረው ይጻፉ። አንድ እናት ናት የወለደቻቸው። እስከዚያው እያንዳንዳችን የምንችለው ትንሽ ነገር አለ፤ የማናውቀው ሰው የሞት ዜና ስልካችን ላይ ሲመጣ፣ ወገኑን ሳንጠይቅ «ነፍስ ይማር» እንበል።

ቅሬው ያስተማረን ይህንኑ ነው።