ምልክቱን እንጂ ሰውየውን አናውቀውም

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የፓርቲዎቹን የቴሌቪዥን ክርክር ሳላስታጉል ተከታትያለሁ። ስለመሬት ይዞታ የተባለውን ዛሬም አስታውሳለሁ። ድምፄን የሰጠሁትን ዕጩ ስም ግን ከምርጫ ጣቢያው ስወጣ እንኳ በቅጡ አልያዝኩትም፤ የማውቀው የፓርቲውን ምልክት ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምንመርጠው በየምርጫ ክልላችን የሚወዳደረውን ሰው እንደሆነ ይናገራል። አመኔታ ሲያጣም በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድ ይደነግጋል። የማናውቀውን ሰው በምን መዝነን ልናወርደው ነው? በሰኔ 2013ቱ ምርጫም ሰፈሬ ውስጥ የተለጠፈው ፖስተር ሰውየው የት እንደሠራና ምን ሠርቶ እንደሄደ አልነገረኝም። ለቤት ሠራተኛ ተያዥ የምንጠይቅ ሰዎች (እኔም አንዱ ነኝ) ሕግ የሚያወጣልንን ሰው ግን ከየት መጣህ አንለውም።

ለሚቀጥለው ዕጩው ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤትና ዕድሩ ድረስ ሄጄ ልጠይቅ አስቤያለሁ።