ስታዲየም ያለው፣ ባለቤት የሌለው ቡድን

ላሊበላ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ የት እንዳለ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። የዲኤስቲቪ ቤቱ ጩኸት ይመራል። አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የተቀመጠው ወጣት የአርሰናልን ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ስም ያውቃል፤ የማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ ለምን እንደተባረረ እየተነተነ ያስረዳል። የሰሜን ወሎ ቡድን ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወተ ቢባል ግን ጎረቤቱን ያያል። ጎረቤቱም እሱን ያያል።

«የአገሩን ኳስ የናቀ ትውልድ» ይሉታል። እውነት ናቀ? ሰው በናቀው ነገር አይናደድም። ይህ ልጅ ግን ወልድያ ከነማ ሲነሣ ድምፁ ይለወጣል። «ተወው እባክህ» ይላል። እንዲህ የሚለው ወዶ የተከዳ ሰው ነው፤ የማይወድ ሰውማ ምን ብሎ ይተዋል?

ነገሩ የሚጀምረው ከ2009 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጥር ላይ፣ በወልድያ ያደጉት ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ያሠሩት ስታዲየም ተመረቀ። ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበት፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ሜዳ። አዲስ አበባ ላይ የቡና ደጋፊ አሁንም ካታንጋና ሚስማር ተራ ተጨናንቆ በሚዘፍንበት ዘመን፣ ሰሜን ወሎ አዲስ ስታዲየም አገኘ። ክለቡም በ2007 ፕሪሚየር ሊጉን ቀምሶ በዓመቱ ከወረደ በኋላ ተመልሶ ነበር። ስሟ በዜና የሚጠራው ድርቅ ሲገባ ወይም የእርዳታ ስንዴ ሲጫን ብቻ ለነበረ አገር፣ በእሑድ ማታ ዜና «ወልድያ አንድ ለዜሮ» መባል ምን ማለት እንደነበር ሌላው ኢትዮጵያዊ በቀላሉ አይገባውም። ከላስታ ደጋ እስከ ራያ ቆላ ያለ ሰው አንድ ላይ «የኛ» የሚለው ነገር አገኘ። ላስታ ላይ ሜዳው ዳገት ነው፤ ኳስ ገደል ከገባ የጨዋታው ግማሽ ኳስ ፍለጋ ላይ ያልቃል። እዚያ ላደገ ልጅ የወልድያ ሣር ከሩቅም ቢሆን የሱ ሣር ነበር።

ደስታው ሁለት ዓመት አልሞላውም። ጥቅምት 2010 ላይ ባለሀብቱ ሪያድ ውስጥ ታሠሩ። በቀጣዩ ወር ከመቐለ ከተማ ጋር ሊደረግ በነበረው ጨዋታ ቀን ወልድያ ላይ ግጭት ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ፣ ንብረት ወደመ፣ ጨዋታውም ሳይካሄድ ቀረ። በዚያው የውድድር ዘመን ከፋሲል ከነማ ጋር በነበረው ጨዋታ ደግሞ ዳኛ ተመታ። ዓመቱ ሲያልቅ ወልድያ ከአርባ ምንጭ ከተማና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አልተመለሰም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁለት መልስ ይሰማል። ከቢሮ የሚመጣው መልስ «ክለቡን ያስቀጣው፣ የጣለውም ደጋፊው ነው» ይላል። ከደጋፊው የሚመጣው ደግሞ «የጣለን ፖለቲካ ነው፤ ዳኛው ነው፤ ፌዴሬሽኑ ነው» ይላል። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ፤ ሁለቱም ግን የሚመቹት ለተናጋሪው ነው።

ከደጋፊው እንጀምር ቢባል፣ መሸፋፈን አይገባም። ድንጋይ የወረወረ ነበር። ዳኛ ላይ እጅ ያነሣ ነበር። ኳስ ሊያይ የመጣን እንግዳ በብሔሩ የሰደበ ነበር፤ ይህ በወልድያ ብቻ አልነበረም፣ በዚያን ዓመታት ከሰሜን እስከ ደቡብ በየስታዲየሙ የተሰማ ነውር ነው። በሚያዝያ 2010 መጨረሻ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ፣ በወልዋሎ አዲግራትና በመከላከያ ጨዋታ፣ ዳኛው በሺዎች ፊት እየተባረረ ተደብድቦ ሊጉ እስከ መቆም ደርሷል። እዚያ እጁን ያነሣው ትሪቡን ላይ የነበረው ተመልካች አልነበረም፤ ከቡድኑ ወገን የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ «ደጋፊው ጨዋ አይደለም» የሚለው ስብከት ከየት እስከ የት እንደሚያስኬድ ይታይ። ጨዋነት የጎደለው ወንበሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሜዳው ውስጥም፣ ቢሮው ውስጥም ጎድሏል።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ቡድኑን ለመናገር ከጉሮሮው ሌላ ምን ተሰጥቶት ነበር?

«ከነማ» የሚለውን ስም ብዙ ሰው እንደ ቡድን ቅጽል ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው የዋህ ይሁን ቀልደኛ አይታወቅም። ማኅበር አባል አለው። እድር እንኳ መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳንና ብርጭቆ በጠፋ ጊዜ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። ሃያ ሳህን የጠፋበት እድር ስብሰባ ጠርቶ ይከራከራል። ሚሊዮኖች የሚያንቀሳቅስ የከተማ ክለብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰብሳቢው ከንቲባው ወይም ምክትሉ ነው፤ ከንቲባው ሲነሣ ሰብሳቢውም ይነሣል፣ የሚመጣው አዲስ ሰው ደግሞ የራሱን አሰልጣኝ ይዞ ይመጣል። ገንዘቡ ከከተማው በጀት ነው፤ ማለትም ከቡና ቤት ባለቤቷ ግብር፣ ከባጃጅ ሹፌሩ ኪስ። እነዚህ ሰዎች ስንት ብር ለማን እንደተከፈለ የሚጠይቁበት ስብሰባ የት ነው? ፌዴሬሽኑ በ2011 ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲያወጣ፣ የሕዝብ ገንዘብ እንዴት ይፈስ እንደነበር በራሱ አፍ መመስከሩ ነበር። ጣሪያው ወጣ። ተመልካቹ ግን ያኔም አልተጠየቀም።

የስታዲየሙ ነገር ይብሳል። ስጦታ ጥሩ ነው፤ ሰውየውም ለተወለዱበት አገር ያደረጉት ትንሽ አይደለም። ግን ሕንፃ ሲሰጥ ሕንፃውን የሚይዝ ማኅበር አብሮ ካልቆመ፣ ሰጪው በታሠረ ማግስት ሁሉም ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ወልድያ ላይ የሆነው ይኸው ነው። «ሼሁ ሲፈቱ» ይባል ነበር። ሼሁ ጥር 2011 ተፈቱ። ሊጉ ግን አልተመለሰም፤ የሚመልሰው የአንድ ሰው መፈታት አልነበረምና።

ላሊበላ የገና አገር ናት፤ የገና ጨዋታ ወግ ደግሞ ለዚህ ነገር ጥሩ ማስረጃ ነው። በገና ቀን ጌታ አይቆጣም ይባላል። ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በገናው ዱላ ቢመታ፣ ተረብ ቢያወርድበት፣ ጌታው ስቆ ያልፋል። አባቶች ሞኞች አልነበሩም። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ታች ያለው ላይ ያለውን ካልተናገረ ንዴቱ ሌላ መንገድ እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር። በኳሱ ግን ነገሩ ተገልብጧል፦ በጨዋታ ቀን የሚቆጣው ጌታው ነው። ደጋፊው «አሰልጣኙ ይነሣ» ብሎ ሲዘፍን «ሁከት ፈጣሪ»፣ «በጀቱ ይነገረን» ሲል «ተልእኮ ያለው» ይባላል። ለልብስ ማሠሪያና ለጉዞ መዋጮ ሲፈለግ ግን «አሥራ ሁለተኛው ተጫዋች» ነው። አሥራ ሁለተኛው ተጫዋች ሲወደስ ይኖራል እንጂ በአሰላለፍ ውስጥ አይገባም።

እንዲህ ያለ ደጋፊ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀርለታል። አንዱ ዱላ ነው፤ ያ በ2010 ታየ። ሁለተኛው ዝምታ ነው፤ አሁን ያለው እሱ ነው። ባለሥልጣናቱ ዝምታውን «ሰላም» ብለው ይጠሩታል። ዲኤስቲቪ ቤት ያለው ጩኸት እኮ ያው የወልድያ ጩኸት ነው፤ ቦታ ቀይሮ፣ ለንደን ላለ ቡድን ተከራይቶ።

አገሪቱም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላሳየችም። ከ2013 ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን ውሉ ምክንያት ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ፣ አዳማ እየተባለ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ሲካሄዱ ቆይተዋል። ውሉ ለአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለተራቡ ክለቦች ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን በዚህ አሠራር አንድ ክለብ የከተማውን ሰው ሳያይ ወራት ይገፋል፤ ካሜራው ከግቡ በስተጀርባ የሚያሳየው ባዶ ሲሚንቶ ነው። ብሔራዊ ቡድኑማ አገሩን ረስቷል። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ «የሜዳው» ጨዋታ ነበር የተባለው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይህችኑ ግብፅ 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣ አገር፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ድሉን በሰው አገር ባዶ ወንበር ፊት አከበረ። ስለ ስታዲየም ድባብ መጥፋት በየመድረኩ የሚያለቅሱ ሰዎች መጀመሪያ ይህን ይመልሱ።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፣ ክብደት ያለው ተቃውሞ። «በዚህ ዘመን ስለ ኳስ ይወራል ወይ?» ይባላል። ላሊበላም ወልድያም ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ጦርነት ሲፈራረቅባቸው ከርመዋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ። በጋሸና የሚያልፈው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ቱሪስት ቀርቶ አስጎብኚው ወጣት ሥራ ፈትቷል። እውነት ነው፤ ልጁን የቀበረ ሰው ፊት ስለ ነጥብ ሠንጠረዥ ማውራት ያሳፍራል።

ግን ይህ ወጣት አሁን የት ይሰብሰብ? ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ይከፈታል፤ ሥራ የለም፤ ከመሸ መውጣት አይቻልም። ዕድሜው ሃያ የሆነ ልጅ ከነጓደኞቹ አንድ ነገር «የኛ» ብሎ ሊጮህለት ይፈልጋል፤ ያ ነገር ኳስ ካልሆነ ሌላ የሚያቀርብለት አይጠፋም፣ ሲያቀርብለትም እየታየ ነው። «ሰላም ሲሆን እንደርስበታለን» የሚለው ክርክር ሰላሙ ከየት እንደሚበቅል የረሳ ክርክር ነው። ደግሞስ መዝገብ ለመክፈት የተኩስ ማቆም ስምምነት ያስፈልጋል እንዴ?

የሚጠየቀውም ሰማይ ማውረድ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ጥቂቶቹ ሲቀሩ በከፍተኛ ሊጎች የሚጫወት ክለብ ከግማሽ በላይ ድምፁ የአባላቱ መሆን አለበት፤ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ያስገባል፣ ክለቡን ግን አይወስድም። ትሪቡኖቻቸው የሚሞሉት ዘፈን ስለሚችሉ ብቻ አይደለም። የሰሜን ወሎው ነገር ከዚህ በጣም ባነሰ ሊጀመር ይችላል። ላሊበላ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ሰቆጣ መውጫ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ቆቦ ላይ አንድ፣ መርሳ ላይ አንድ። የእድር ያህል የወር መዋጮ። ቁጥር ያለው ደረሰኝ። በዓመት አንድ ጉባኤ፣ ቦርዱ ውስጥ ግማሹን ወንበር የሚመርጥ ጉባኤ። የክለቡ ገቢና ወጪ ስታዲየሙ በር ላይ ባለ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ እንዲያነበው።

ጉባኤው ላይ ጩኸት አይጠፋም። አንዱ «ግብ ጠባቂው ሌባ ነው» ይላል፣ ሌላው የሊቀመንበሩን ወንድም ደመወዝ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ነገሩን ወደ ፖለቲካ ሊጠመዝዝ ይሞክራል፣ ሽማግሌ ተነሥቶ «እረ በላሊበላ አምላክ» ይላል። ይጩኹ። በዚያ አዳራሽ የተነሣ ጥያቄ በማግስቱ ሜዳ ላይ ድንጋይ ሆኖ አይወረወርም፤ ላሊበላ ያለው ልጅም የቅዳሜውን አግዳሚ ባይተው እንኳ፣ በኪሱ የአባልነት ደረሰኝ ይዞ «የኛዎቹስ ከማን ጋር ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል።