ማሳሰቢያ፦ ከአርባው በኋላ ላለው ሌሊት

ይህ ማሳሰቢያ በሲሪንቃ፣ በመርሳ፣ በወልዲያና በሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ጨቅላ ልጅ ላላችሁ ሁሉ ነው። ለእናቶች ብቻ ሳይሆን ለአባቶች፣ ለአያቶችና ለጎረቤትም ጭምር። ልጅ አልተኛ ሲል እንዲተኛ ብለን የምናደርጋቸው አንዳንድ ነገሮች ከእንቅልፍ ማጣቱ ይልቅ ልጁን ይጎዱታል። ትንፋሹን የሚያቆሙም አሉ።

የአራስ ቤትን ወግ ሁላችን እናውቀዋለን። የአራሷ እናት ልታርሳት ትመጣለች፤ ገንፎው ይገነፋል፤ ልጁ ከእጅ እጅ ይዞራል። አርባ ቀን ሲሞላ ግን ቤቱ ይበተናል። አያት ወደ ቤቷ፣ አባት ወደ ማሽላው፣ አራሷም ወደ ምጣዷ ትመለሳለች። የሕፃናት ልቅሶ ደግሞ ከ2ኛው ሳምንት ግድም ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ የሚበረታው በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ይበልጡን ከምሽት። 6 ሳምንት 42 ቀን መሆኑን ቁጠሩልኝ። ልጁ አብዝቶ በሚያለቅስበት ሰሞን እናቲቱ ብቻዋን ትቀራለች ማለት ነው። ጤነኛ ልጅም እንዲህ ያለቅሳል፤ 3 ወይም 4 ወር ሲሞላው ይቀንሳል። ይህን ማንም ያልነገራት እናት ግን ዓይን በልቶት ነው፣ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ጡቴ አልበቃው ብሎ ነው ትላለች። በዚያ ድካም ላይ የመጣ መካሪ ሁሉ አዋቂ ይመስላል።

እኔም በዚያ አልፌአለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ወር ሳይሞላው ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስብኝ፣ «ለጉንፋንም ለእንቅልፍም ይሆናል» ተብሎ ሽሮፕ ተሸጠልኝ። አንድ ማንኪያ ሰጠሁት። ተኛ፤ እኔም ተኛሁ። ሲነጋ የነቃሁት ጡቴ አጋቶ ነው። ልጁ ጡት ሳይጠይቅ አድሯል። እጁን ባነሣው እንደ ጨርቅ ይወድቃል፤ ጡት ባጎርሰው አይስብም። ጤና ጣቢያ አድርሰነው ተረፈ። ያን ሌሊት የተኛሁት እንቅልፍ ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ አጥብቄ የምናገረው ስለ ሽሮፕ ነው። ብዙዎቹ የጉንፋንና የአለርጂ ሽሮፖች የሚያስተኙት አእምሮን በማደንዘዝ ነው፤ በጨቅላ ላይ ደግሞ ከእንቅልፉ ጋር ትንፋሽንም ያደክማሉ። ፕሮሜታዚን የሚባለውን መድኃኒት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈጽሞ እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው ትንፋሻቸው ቆሞ የሞቱ ሕፃናት ስለነበሩ ነው። ኮዴን ያለበት የሳል ሽሮፕም ለሕፃን አይሰጥም። ባለሙያ መርምሮ ካላዘዘው በስተቀር፣ ለታላቁ ልጅ ተገዝቶ የተረፈውን ጠርሙስ ለታናሹ አትክፈቱ።

እንጥል ማስቆረጥና ድድ እየፈነቀሉ «የግግ» ማስወጣትም እንዲሁ ናቸው። ልጁ ያለቀሰው እንጥሉ ስለወረደ አይደለም፤ እንጥል ሁልጊዜም እዚያው የተንጠለጠለ ነው። ምላጩ ግን ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። ቅቤ ማስዋጥ፣ የአብሽ ውኃ፣ ስኳር በጥብጦ መስጠት፣ ሁሉም ይቅር። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል። ማር ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለከንፈሩም አይነካ፤ በማር ውስጥ የሚገኝ ተህዋስ በጨቅላ አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ጡንቻን ያዝላል።

አባቶች፣ ይህኛው በተለይ ለእናንተ ነው። ንዴት ሲመጣ ልጅን አትናጡ። ጭንቅላቱ ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ስለሆነ ጥቂት ሴኮንድ መናጥ እንኳ አንጎሉን ያደማል፤ ዓይኑን ሊያጠፋ፣ ሊገድልም ይችላል። ትዕግሥታችሁ ካለቀ ልጁን መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ በጀርባው አስተኙና ደጅ ወጥታችሁ ተንፍሱ። ለጥቂት ደቂቃ ማልቀሱ አይጎዳውም።

አስተኛኘቱንም እንመልከት። ልጅ በጀርባው እንጂ በሆዱ ወይም በጎኑ አይተኛ። በ1990ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብዙ አገሮች በዋነኛነት ይህን ለሕዝባቸው አስተምረው በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናትን ቁጥር በግማሽና ከዚያ በላይ ቀንሰዋል። ፊቱን በነጠላ ወይም በጋቢ አትሸፍኑት። ዓይን እንዳይበላው ብለን የምንሸፍነው እኛው ነን፤ ሲታፈን ግን ገልጦ መጣል አይችልም። አንቀልባ ውስጥም ቢሆን አፍና አፍንጫው ይታይ፤ አገጩ ደረቱ ላይ አይደፋ። የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ሲመጣ የከሰል ማንደጃ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ከሰል ጭሱ ቢያልቅም ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ይወጣዋል፤ ቤተሰቡን ከነልጁ ይወስዳል። ሲሪንቃ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ ይደርስባታልና አጎበሩ ይዘርጋ፤ ጫፉም ከፍራሹ ሥር ይወተፍ።

የንጉሥ ሰሎሞንን ፍርድ ስናወራ ሰይፉን እናስታውሳለን፤ መነሻውን እንረሳዋለን። ክርክሩ የመጣው አንዲቱ እናት ተኝታ ልጇን ስለተጫነችው ነው። አንድ መደብ ላላቸው ቤቶች «አብራችሁ አትተኙ» ብዬ አላልፍም። ከተቻለ ግን ለልጁ አጠገባችሁ ጠፍጣፋ፣ ጠንከር ያለና ትራስ የሌለው የራሱ ምንጣፍ ይኑረው። ከወላጆቹ አንዱ ከጠጣ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከወሰደ ወይም የሚያጨስ ከሆነ፣ ልጁም ካለጊዜው የተወለደ ከሆነ፣ በፍጹም በአንድ ልብስ አትተኙ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 3 ወር ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ያለው ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ይመክራል። ጨቅላ ግን እንቅልፉን ቆራርጦ ነው የሚተኛው፤ በየሰዓቱ ግድም ይባንናል። ጡት እየጠባ ወይም በእሹሩሩ ክንድ ላይ ያሸለበ ልጅ ባነነና ራሱን ምንጣፍ ላይ አገኘ እንበል። እናንተ ቤታችሁ ተኝታችሁ ወልዲያ መናኸሪያ ብትነቁ አትጮኹም? እሱም የሚጮኸው ለዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እሹሩሩውንም አንቀልባውንም አትንፈጉት፤ በዚያ ዕድሜ እቅፍ አያባልግም። ሌሊትና ቀን ለይቶ ማወቅ ሲጀምር፣ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ፣ በዝግታ አላምዱት። ጠዋት በራፍ ላይ ብርሃን ይይ። ማታ ማታ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቅደም ተከተል፦ ገላውን አብሱት፣ ጡት አጥቡት፣ መብራቱን ዝቅ አድርጉ፣ ትንሽ እሹሩሩ በሉት። ዓይኑ ሲከብድ፣ ጨርሶ ሳይዘጋ፣ በጀርባው አስተኙትና እጃችሁን ደረቱ ላይ አሳርፉ። ቢነጫነጭ ቶሎ አታንሡት፤ ድምፃችሁን ያዳምጥ። ካለቀሰ ግን አንሡት፣ አባብሉት፣ መልሳችሁ አስተኙት። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምሽቱ የመጀመሪያ እንቅልፍ ላይ ብቻ ሞክሩት፤ አንዳንዱ በሳምንት፣ አንዳንዱ በወር ይለምዳል። ባይሆንላችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ትጀምራላችሁ። ሌሊት ሲርበው ጡት መስጠታችሁን አታቋርጡ።

አንድ ነገር ግን ከእንቅልፍ ጋር አታምታቱ። ጡት እምቢ ካለ፣ ካልቀሰቀሱት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ገላው ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ ይህ ሕመም ነው። እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ጎረቤቶች፣ የእናንተን ድርሻ ለመጨረሻ አስቀርቼዋለሁ። ገንፎ ልትበሉ በሳምንቱ እንደሄዳችሁ ሁሉ በ41ኛው ቀንም ሂዱ። በባዶ እጅ ብትሄዱም ግድ የለም። ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ልጁን ያዙላትና እሷ ትተኛ።